ሦስት ቀብድ ለአንድ ተማሪ

የልጅ ልጆቼ ወረቀት ዘርግተው ይኼኛው ኮሌጅ ስም አለው፣ ያኛው ይረክሳል፣ ከዚያኛው የወጣ ቶሎ ሥራ ያገኛል እያሉ ሲጨቃጨቁ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። ዝም የምለው የምናገረው ጠፍቶኝ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ገና በዘጠኝ ዓመቴ የሚበቃኝን ያህል ስለ ተቃጠልኩ ነው። እኔ መማር ፈልጌ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ያስቀመጠኝ ጠላት አይደለም። አባቴ ነው፤ ያውም ለእኔ ብሎ።

ጣሊያን ከገባ በሦስተኛው ዓመት መተማ ነበርን። አባቴ፣ ሰዉ አያ ተገኘ የሚለው፣ የበቅሎ ደላላ ነበር። ከደጋ የሚወርደውን ባለ በቅሎና ከሱዳን የሚመጣውን ገዥ ያገናኛል። ዐረብኛ እንደ ውሃ ይናገራል፤ ማንበብ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይችልም። ከጣሊያን በፊት ይህ ጉድለት አልነበረም፤ በቅሎ አይነበብም። ጣሊያን ሲመጣ ግን ሁሉ ነገር ወረቀት ሆነ። ለመውጣት ወረቀት፣ ለመግባት ወረቀት፣ ለመቆምም ሳይቀር ወረቀት።

አባቴም አንድ ወረቀት ነበረው። አራት ወር ሙሉ ኬላው በር ላይ ሲደርስ ከጉያው በክብር አውጥቶ ያሳያል። ዘበኞቹ አይተው ይስቃሉ፣ ያሳልፉታል። እሱም ወዳጅነት መስሎት አብሯቸው ይስቃል። በኋላ የሚያነብ ሰው አግኝቶ ቢያሳየው ከሳሙና ሣጥን ላይ የተላጠ ምልክት ሆኖ ተገኘ። የዚያን ቀን ራት አልበላም። በማግሥቱ፣

«ከዚህ ቤት አንድ ሰው ማንበብ አለበት» አለ።

ከዚያ ቤት የነበርነው ሦስት ነን። እሱ «እኔስ አርጅቻለሁ» አለ። እናቴ «እኔን ተዉኝ» አለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። ደስ አለኝ። ይህን ያህል ማለቱ ይበቃል።

መተማ ያን ጊዜ ሦስት ትምህርት ቤት ነበራት ብል ማጋነን ነው። ሦስት አስተማሪ ነበሯት፤ አንዷም ከድንበር ማዶ። የመጀመሪያው የኔታ ጥበቡ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ፣ ጎምዛዛ ፍሬ ከሚያፈራ ሮቃ ዛፍ ሥር፣ ሰባት ተማሪ ያስተምራሉ። ከጎንደር የወረዱ ቅኔ ያወቁ ሰው ናቸው፤ የቆላው ሙቀት እንደ ስድብ ነበር የሚሰማቸው። ሁለተኛው የጣሊያን ነው። ከምሽጉ ግድግዳ ጋር የተለጠፈ የቆርቆሮ ዳስ፣ አሥራ አንድ ተማሪ። የሚያስተምረው አስተርጓሚው ታፈረ ነው። የአዘዞ ልጅ ነው፤ ነገር ግን «ሲኞር ታፈረ» ካላሉት አይሰማም። ሦስተኛዋ ሲት ነፊሳ ናቸው፤ ሲት በዐረብኛ እመቤት ማለት ነው። የአንድ የገላባት ጉምሩክ ጸሐፊ ሚስት ናቸው፤ ከቤታቸው አምስት ሴቶች ልጆች ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሒሳብና ስፌት ያስተምራሉ። መተማና ገላባትን የሚለየው አንድ ኾር ነው፤ ክረምት የሚሞላ፣ በጋ ፍየል የምትዘለው ደረቅ ፈፋ። ከፈፋው ወዲህ ጣሊያን ይገዛል፣ ከፈፋው ወዲያ እንግሊዝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከሦስቱ አንዱን በሳምንት ይመርጥ ነበር። አባቴ ግን ደላላ ነው። ደላላ በቅሎ ሲያይ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ዘሯ ከየት ነው፣ ስንት ትባላለች፣ ምን ትጭናለች። አባቴ ሦስቱን ጥያቄ ይዞ፣ እኔንም አስከትሎ ተነሣ።

የኔታ ዘንድ ሄድን። አባቴ ጉልበት ስሞ ከተነሣ በኋላ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው። አንዱን ረዘም ያለውን ጠቆመና፣

«አንተ፣ ተነሥ እስቲ። ወዲያ ሂድ። ወዲህ ና» አለው።

ልጁ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ።

«ምን እያደረግህ ነው ተገኘ?» አሉ የኔታ።

«አረማመዱን ልይ ብዬ ነው የኔታ።»

«ፊደል በእግር አይቆጠርም!»

«ይቅር ይበሉኝ። ልማድ ነው። ዋጋውስ እንዴት ነው?»

«በወር አንድ ቁና ማሽላ፣ በሳምንት አንድ ሸክም እንጨት።»

«ከእርስዎ ዘንድ የወጣ ምን ይሆናል?»

«ዲያቆን ይሆናል፣ ደብተራ ይሆናል። እግዚአብሔር ከረዳው መሪጌታ ይሆናል።»

«ሴትስ?»

የኔታ ሴት አስተምረው አያውቁም። ዝንብ በጭራቸው አባረሩ፤ ዝንብ ግን አልነበረም።

«ዳዊት ትደግማለች» አሉ በመጨረሻ።

«ዳዊት የደገመች የኬላ ወረቀት ታነባለች?»

«ተገኘ፣ ዳዊት የደገመ ሰው የኬላ ወረቀት ማንበብ ይጸየፋል።»

አባቴ በመንገድ ላይ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ዘሩ ግሩም ነው። የሚጭነው ግን አልገባኝም» አለኝ። ለእኔ የገባኝ ይመስል።

በማግሥቱ ቆርቆሮው ዳስ ሄድን። ሲኞር ታፈረ በር ላይ ተቀበለን። ዋጋው ምንም ነው አለ። እንዲያውም ነጭ ሸሚዝ፣ ደብተርና በቀን ሁለት ጋሌጣ፣ ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ይሰጣል። አባቴ ነጻ የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። በነጻ የሚሰጥ በቅሎ አይቶ አያውቅም፤ ቢያይም መጀመሪያ ሰኮናዋን ያነሣል።

«ዘሩ ከየት ነው?» አለ።

«ከሮማ!» አለ ሲኞር ታፈረ፤ እጁን እስከ ጣራው ዘርግቶ።

«ከዚህ የወጡት ምን ሆኑ?»

«ገና ስድስት ወራችን ነው። የወጣው አንድ ልጅ ነው።»

«እሱስ ምን ሆነ?»

«የምሽጉ አዛዥ የኮማንዳንቱ ወጥ ቤት ሳህን ያጥባል።»

«ሳህን ለማጠብ ስድስት ወር ይማራል?»

«አያ ተገኘ፣ በጣሊያንኛ ነው እኮ የሚያጥበው!»

ሦስተኛ ቀን ፈፋውን ተሻገርን። ሲት ነፊሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለመሳቅ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ቶባቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ጥያቄውን ሁሉ ቆመው ሰሙ። ኦምዱርማን ተምረዋል። በወር አንድ ቅል ቅቤ ይበቃቸዋል። አባቴ ዐረብኛውን አሳምሮ፣

«ሲት፣ ከእርስዎ የወጡት ልጆች ምን ይሆናሉ?» አላቸው።

«ሰው።»

«ሰውማ አሁንም ናቸው።»

«አሁን ልጆች ናቸው» አሉና በሩን ዘጉ።

አባቴ በዚህ መልስ ተበሳጨ፤ ተደነቀም። ሁለቱ ሲቀላቀሉበት የሚያደርገው ያው ነው፤ ሰው ይጠይቃል። ከሽንፋ ማር ይዞ የመጣውን ጠየቀ። ከገለጉ ጥጥ ይዞ የመጣውን ጠየቀ። የበቅሎ ገዥ መጥቶ ዋጋ ሲጠይቀው፣ «ቆይ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ» ይለው ጀመር። አንዱ የቤተ ክህነት ትምህርት ስም አለው ይላል። አንዱ ጊዜው የጣሊያን ነው ይላል። አንዱ ጣሊያን ነገ ይሄዳል፣ ጣሊያንኛሽን ለማን ትሸጪዋለሽ ይለኛል፤ ገና አንድ ቃል ሳላውቅ። አንድ የወልቃይት ሰው ደግሞ፣ ሴት ልጅ ካነበበች ፀጉሯ ይረግፋል ብሎ ማለ። አባቴ ይህንንም ለሁለት ሳምንት አሰበበት።

እናቴ እሑድ እሑድ ጸጉሬን ትሠራኛለች፤ ሰኞ ትምህርት ቤት የምገባ ይሆናል ተብሎ። ሰኞ ይመጣል። እኔ ጸጉሬን ተሠርቼ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶቻችን ውሃ ሊቀዱ ሲያልፉ፣

«ተማሪዋ፣ ዛሬስ ምን ተማርሽ?» ይሉኛል።

«መቀመጥ» እላለሁ።

ክረምቱ መጣ፣ ፈፋው ሞላ፣ ጎደለ። ማሽላው ታጨደ። ሹሩባዬ ስንት ጊዜ እንደ ተፈታና እንደ ተሠራ እናቴ ታውቃለች። አንድ እሑድ ሚዶውን ወርውራ፣

«አንቱ ሰውዬ! ይህች ልጅ አርጅታ ነው የምትማረው? በቅሎ እንኳ ይህን ያህል ቢያገላብጧት ትራገጣለች!» አለች።

አባቴ፣ «ችኮላ ነው ሰው የሚያከስረው» አለ። ነገር ግን እናቴ ሚዶ ስትወረውር ደግማ እንደማትናገር ያውቃል። በዚያው ሳምንት አንድ ነገር አደረገ። ያደረገው ነገር የደላላ ጭንቅላት ብቻ የሚያፈልቀው ነው።

የበቅሎ ገበያ ልማድ እንዲህ ነው። ገዥ ሆነህ ልብህ ለሁለት ሲከፈል ለሻጩ ቀብድ ትሰጠዋለህ። ቀብድ የተቀበለ ሰው በቅሎዋን ለሌላ አይሸጥም፤ አስሮ ይጠብቅሃል። አባቴም ለየኔታ አንድ ወጠጤ ፍየል ሰጠ። ለሲኞር ታፈረ አንድ ገንቦ ማር ሰጠ። ለሲት ነፊሳ ሁለት ዶሮ ሰጠ። ለሦስቱም፣ «ልጄ የእርስዎ ናት፤ ቦታዋን ይያዙልኝ» አለ። ከዚያ ወደ ቤት መጥቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመቱ ውስጥ፣ ደስ ብሎት በላ። ሦስት በቅሎ ታስረውለታል።

ያልታሰበው አንድ ነገር ነው። በቅሎ ታስራ ትጠብቃለች። አስተማሪ ግን እግር አለው፤ ተነሥቶ ይመጣል።

ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ጸጉሬ ተሠርቷል። በጠዋት የኔታ ጭራቸውን ይዘው ከች አሉ፤ «ወጠጤው ከተበላ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ተማሪዋ የት አለች?» ብለው። ገና ሳይቀመጡ ሲኞር ታፈረ ነጭ ሸሚዝ በክንዱ አንጠልጥሎ ገባ። ሸሚዙ ደረት ላይ ቁጥር ተሰፍቶበታል፤ አሥራ ሁለት። ከጎንደር ትልቅ ሹም ትምህርት ቤቱን ሊያይ ይመጣል፤ ለኮማንዳንቱ አሥራ ሁለት ተማሪ አለን ተብሎ ተጽፏል፤ ያሉት አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ሲት ነፊሳ ደግሞ ለገበያ ተሻግረው ነበርና፣ በአህያቸው ላይ እንደ ተቀመጡ አጥራችን በር ላይ ቆሙ። ከአህያዋ ጎን ሁለቱ ዶሮዎች ታስረዋል።

«ወይ ልጂቱን ስጠኝ፣ ወይ ዶሮዎቹን መልሰህ ውሰድ» አሉ በዐረብኛ።

አባቴን ዞሬ ባየው የለም። ከበቅሎዎቹ መካከል ገብቶ፣ የአንዷን ሆድ ጎንበስ ብሎ እንደሚመረምር ሆኖ ተደብቋል።

«ተገኘ! ና ውጣ!» አሉ የኔታ።

«አያ ተገኘ፣ ኮማንዳንቱ እኮ ነው የጻፈው!» አለ ሲኞር ታፈረ።

«ይህ ማነው?» አሉ ሲት ነፊሳ፣ ባለ ሸሚዙን እየጠቆሙ።

የኔታ ስለ ሲት ነፊሳ ሲነገራቸው ፊታቸው ተቋጠረ። «ፊደል ሃይማኖት የለውም ይባላል። አስተማሪ ግን አለው» አሉ። ሲኞር ታፈረ ሁለቱም ያለ ፈቃድ እንደሚያስተምሩ አሳሰበ። የኔታ፣ ሲኞር ታፈረን ልጅ ሆኖ ያውቁታል፤ ከአዘዞ ማርያም ትምህርት ያባረሩት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን አስታወሱት። በቅሎዎቹ ደነበሩ። አንዷ አባቴን ረግጣ አወጣችው።

እናቴ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እንግዲያ ለሦስት ተካፈሏት!» ብላ ጮኸች። «ጠዋት ለአንቱ፣ ረፋድ ለዚህ፣ ከቀትር በኋላ ለእሳቸው! የተረፈውን ለጅብ ስጡት!»

ምሬቷ ነበር። አንድም ሰው ምሬት ነው ብሎ አልሰማውም። የኔታ ጥቂት አሰቡና፣ «ደግ ፍርድ ነው» አሉ። ሲኞር ታፈረን ሹሙ እስኪመጣ ድረስ መቆጠሬ ብቻ ይበቃዋል። አባቴ ለሲት ነፊሳ ተረጎመላቸው፤ ጅቡን ትቶ። እሳቸው ዶሮዎቹን እንደ ታሰሩ ይዘው ሄዱ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ የመጣውን ሦስት ሳምንት ማስታወስ አልወድም። ፀሐይ ሳትወጣ ከሮቃው ሥር እቀመጣለሁ። ረፋድ ላይ ነጩን ሸሚዝ ደርቤ ወደ ቆርቆሮው ዳስ እሮጣለሁ፤ ዳሱ በዚያ ሰዓት ዳቦ ይጋግራል። ከቀትር በኋላ ሸሚዙን አውልቄ ፈፋውን እሻገራለሁ። ከሦስቱ ትምህርት አንዱንም አልረሳሁም፤ የሳትኩት ቦታውን ነው። የኔታ ስሜን ሲጠሩ ብድግ ብዬ ጣሊያኖቹ እንዳስተማሩኝ ቀኝ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። የኔታ ቀና ብለው ዛፉን አዩና፣

«አውርጂው፤ ሮቃው ገና ጥሬ ነው» አሉኝ።

ቆርቆሮው ዳስ ውስጥ የጣሊያኑን ሆሄ በየኔታ ዜማ፣ እየተወዛወዝኩ ቆጠርኩት። አሥራ አንዱ ልጆች ደስ ብሏቸው ተከተሉኝ፤ ዳሱ ሁሉ ተወዛወዘ። ሲት ነፊሳ ዘንድ ዐረብኛውን ከግራ ጀመርኩት። በማግሥቱ ደግሞ ለየኔታ ሀሁን ከቀኝ ጻፍኩላቸው።

«ይህ ፊደል ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ የኔታ።

«ገላባት» አለ ከኋላዬ አንዱ ልጅ። እሱ ሳቀ፣ የተመታሁት እኔ ነኝ።

ማታ ማታ አባቴ፣ «እሺ፣ ዛሬ ምን ጫንሽ?» ይለኛል። ጭነቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱም ግን ቃል አልሆነም። የሦስት አገር ፊደል ቆጥሬ በአንዱም ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር።

ሹሙ መጣ። ሰኞ ጠዋት ከምሽጉ ፊት ሰልፍ ቆምን። ወላጆች በገመድ ማዶ ቆመዋል፤ አባቴም አለ። ሹሙ ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ሴት ናት። አንድ ነገር ተናገረ።

«ፊደሉን በይላቸው» አለኝ ሲኞር ታፈረ በጥርሱ መካከል። «ዝም ብለሽ በይ። እንዳታዋርጂኝ።»

ፈራሁ። ሰው ሲፈራ የሚያውቀው ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። የጣሊያኑን ሆሄ በየኔታ ዜማ አወረድኩት፣ ከፍና ዝቅ አድርጌ፣ ማሳረፊያውን ሳይቀር። ስጨርስም ሲት ነፊሳ እንደሚወዱት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ዝቅ አደረግሁ።

 ከዚያ ሹሙ አጨበጨበ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። ሹሙ ብዙ ተናገረ፤ ሲኞር ታፈረ ወደ ገመዱ ቀርቦ ለአባቴ ሲተረጉም ድምፁ ሳስቶ ነበር።

«ሹሙ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ነገ ጠዋት በካሚዮን ጎንደር ይወስዷታል። ከዚያ አስመራ። ካስፈለገም ሮማ ድረስ ለሰው ያሳዩዋታል።»

«ያስተምሯታል ማለትህ ነው?» አለ አባቴ።

«ያሳዩዋታል ነው ያሉት።»

«መቼ ይመልሷታል?»

ሲኞር ታፈረ ዞር ብሎ ሹሙን አየ፤ አልጠየቀውም። «ይህን አልተናገሩም፣ አያ ተገኘ» አለ። ያን ጊዜ ብቻ ሲኞር ሳይሆን የአዘዞ ልጅ መሰለ።

አንድ ዓመት ከሦስት ወር ያሰበበትን አባቴ ከምሽጉ እስከ ቤታችን በሚያስኬደው መንገድ ጨረሰ። ማንንም አልጠየቀም። እናቴን፣ «ነጠላሽን ለልጅቷ ስጫት» አላት። እናቴም ማንንም አልጠየቀችም። የገበያው ሴቶች ወደ ገላባት ሲመለሱ፣ እኔ ነጠላውን ተከናንቤ፣ አብረናቸው ወረድን። ፈፋው ጋ ዘበኛው፣

«አያ ተገኘ፣ ዛሬ በቅሎ የለህም?» አለው።

አባቴ ለዚህ ጥያቄ ሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት ይናገርበታል። «የለኝም» ብሎ አለፈ። ይህ ነው ያስፈራኝ። እጄን ይዞኝ ነበር። ከዚያ በፊት ይዞኝ አያውቅም።

ሲት ነፊሳ በሩን ግማሽ ከፈቱ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ የላክህልኝ ሲሶ ልጅ ነው» አሉት። «አሁን ምን አመጣህ?»

«ሙሉዋን፣ ሲት።»

«የማደርገውን ሁሉ ጠይቀኸኛል። ዛሬ እኔ ልጠይቅህ። አንተ ምን ታውቃለህ?»

«በቅሎ አውቃለሁ።»

«ሌላስ?»

አባቴ አሰበ። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ እኔ፣ ሁላችንም ጠበቅን።

«ሌላ አላውቅም» አለ።

በሩን ሙሉ ከፈቱት።

በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ቅል ቅቤ ተሸክማ ተሻግራ መጣች። ፊቷ ተኮሳትሯል። ሲኞር ታፈረ በነጋታው ጠዋት ካሚዮኑ ሲጠብቅ ተጨንቆ፣ ለሹሙ ልጅቷ በንዳድ ሌሊቱን ሞተች ብሎ ተርጉሞለታል። አባቷስ ቢባል፣ ሐዘን ገብቶት ወደ ቋራ ሄዷል ብሏል። ሹሙ አዝኖ አንድ ኩንታል የፉርኖ ዱቄት ልኳል። ዱቄቱ በወታደር ስለመጣ እናቴ ልቅሶ መቀመጥ ግድ ሆነባት። ጎረቤት ሁሉ እውነቱን እያወቀ መጥቶ ተቀመጠ፤ ዱቄቱ እስኪያልቅም አልተነሣም።

«ለልጄ ልቅሶ ተቀምጬ፣ በዱቄቱ ቂጣ እየጋገርኩ፣ እንግዳ ስቆ እንዳይሰማ አፍ አፉን ስይዝ ሰነበትኩ!» አለች እናቴ። «እንዲህ ያለ ትምህርት!»

የኔታም መጥተው ነበር። ለሕያው ሰው ፍትሐት አላደርግም ብለዋል። ሲወጡ ግን በብራና ላይ በእጃቸው የጻፉትን ሀሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድበት ላይ ቀስት ሥለውበት፣ እንዳትረሳው ብለው ሰጥተዋታል። አማርኛውን የለመድኩት ከእሱ ነው።

ስለዚህ እኔ መተማ ሞቼ ገላባት ተማርኩ። ገላባት ከአንድ በቅሎ ገዥው ቤት ተጠግተን ነበር፤ አባቴም ቋራ ሐዘን ላይ ስለሆነ ገበያ መውጣት አልቻለም። የሚሠራው አጥቶ እኔን ጠዋት ያደርሰኛል፣ ከሰዓት ሊመልሰኝ ይጠብቃል። ወንድ ግቢው አይገባምና ከአገዳው አጥር ውጭ፣ ከጥላው ተቀምጦ የጭነት ኮርቻ ይጠግናል። አንድ ቀን ሲት ነፊሳ ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

እኔና ልጆቹ ተያየን። ከአጥሩ ማዶ ወፍራም ድምፅ መለሰ። ሲት ነፊሳ ወደ አጥሩ አልዞሩም።

«አጥሩ ትክክል መልሷል» አሉ። «አሁን ደግሞ ልጆቹ።»

ከዚያ ወዲያ ያ አጥር አላረፈም። አገዳው መካከል ሁለት ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ ተገኘች፤ ማን እንደ ቀደዳት አልተጠየቀም። እኔ ፊደል ስስት ከማዶ ጉሮሮ ይጠረጋል። በመንገድ ስንመለስ በአለንጋው ጫፍ አቧራው ላይ ይጽፍና፣ «አንብቢ» ይለኛል። አንብቤ፣ እኔም ከሥሩ ካልጻፍኩት አንሄድም። ፀሐይዋን የሚያውቅ ያውቃታል። አንድ ጊዜ ከመሰልቸቴ ብዛት፣ «አባዬ፣ የሚማረው ማን ነው?» አልኩት። «አንቺ ነሽ እንጂ» አለኝ፣ የጻፍኩትን በእግሩ እየደመሰሰ። «ግን ይቺን ነጥብ ከላይ ነው የሚያደርጓት።»

በዓመቱ መጨረሻ ሲት ነፊሳ ባላቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው በፊቱ ፈተኑን። አምስቱ ልጆች አነበቡ። እኔ ስድስተኛ ሆኜ አነበብኩ፤ ሁለት ቦታ ቆምኩ። ጸሐፊው መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል ሲት ነፊሳ ከእጁ ወስደው፣ ተነሥተው፣ ገጹን ቀዳዳዋ ላይ አስጠጉት። ከማዶ ኮርቻው መሬት ሲወርድ ተሰማ። ቀጥሎ ንባቡ መጣ፤ እንደ በቅሎ ጭነት ከባድ፣ ግን አንድም ቦታ ያልቆመ።

ውጤቱን ጸሐፊው ራሱ ተነሥቶ ተናገረ። አንደኛ የወጣው አጥሩ ነው። እኔ አራተኛ ነኝ።